አንድ ጠርሙስ ደም

ባለፈው የካቲት ጉልበቴን ልታከም ሆስፒታል ስገባ አንዲት ወጣት ነርስ ፎርም ልትሞላ አጠገቤ ተቀመጠች። ስሜን ጠየቀችኝ፣ ዕድሜዬን፣ የምውጠውን ኪኒን ሁሉ። ከወረቀቱ ቀና ሳትል፣ «የደም ዓይነትዎን መቼም አያውቁትም አይደል እማማ?» አለችኝ።

«ኤቢ» አልኳት።

እስክሪብቶዋ ቆመ። በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት የደም ዓይነቷን እንደ ክርስትና ስሟ ቶሎ ስትጠራ ሰምታ አታውቅም መሰለኝ። «መቼ ተመርምረው ነው?»

«በጃንሆይ ጊዜ።»

ሳቀች። እኔም ለወጉ ፈገግ አልኩ። እሷ ስትሄድ ግን ትራሴ ላይ ጋደም ብዬ ሐሳቤ ወደ መርካቶ ነጎደ፤ ወደ ፍልሰታ ጾም፣ ጭቃው ጫማ አውልቆ ወደሚያስቀርበት ክረምት። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። አሥረኛ ክፍልን ጨርሼ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ ቤት ነበርኩ።

አባቴ ቆርቆሮና ምስማር ነጋዴ ነበር። ሱቃችን ከሰባተኛ ሰፈር ትንሽ ወረድ ብሎ ነው፤ የምንኖረውም ከሱቁ ጀርባ ባሉት ሁለት ክፍሎች ውስጥ ነበር። ክረምት ለቆርቆሮ ነጋዴ ግራ የሚያጋባ ወቅት ነው። ጣሪያው ያፈሰሰበት ሰው በጥድፊያ ይመጣል፤ አዲስ ቤት የሚሠራው ደግሞ እስከ መስከረም ይጠፋል። ዝናቡ ሲጀምር የሰፈሩ ጣሪያ ሁሉ ባንድ ጊዜ ይንጫጫል፤ ጎን ለጎን ተቀምጠን እየተጯጯህን ነበር የምናወራው። ዛሬም ቢሆን ዝናብ ሲጥል ሳላውቀው ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ፤ ልጆቼ ይስቁብኛል።

አባቴ በልጅነቱ ከመንዝ የመጣ ሰው ነው። ቃሉን የማያጥፍ፣ ደንበኛ የማያታልል፣ ለተቸገረ እጁ የማያጥር ሰው ነበር። አንድ ነገር ግን አብዝቶ ይወድ ነበር፤ ዘር መቁጠር። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ታላቅ እህቱ እትዬ ብርቄ ትመጣና ሁለቱ ተያይዘው እስከ ሰባት ትውልድ ይቆጥራሉ፤ እከሌ እከሌን ወለደ፣ እከሌ ከእነ እከሌ አገባ። እትዬ ብርቄ «አጥንታችን ንጹሕ ነው» ስትል አንገቷ ቀጥ ይል ነበር። እኔና ወንድሜ ግርማ ስሞቹን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላችን ይዘናቸው ነበር።

ከሱቃችን ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ ከአሮጌ በርሜል ቆርቆሮ በተሠራች ዳስ ሥር ጋሽ ላቀው ይሠራ ነበር። ብረት ቀጥቃጭ ነው። ከተቀደደ በርሜል የከሰል ማንደጃ ያወጣል፤ ከከባድ መኪና የባሌስትራ ብረት ቢላዋና መጥረቢያ ይሠራል። ስለ ቀጥቃጭ የሚባለውን የዚያን ጊዜ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ይበላል፣ የበላው ሰው መንምኖ ይሞታል ይባላል። እርጉዝ ሴት በዚያ ስታልፍ ሆዷን በነጠላዋ ትከልላለች። ሻይ የምትሸጠው ሴትዮ ለእሱ ለብቻው ጣሳ ነበራት። ጠጉሩ ሸበቶ እያለ ከልጅ እስከ አዋቂ «አንተ» ነበር የሚለው፤ እኔም ጋሽ ማለት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። አባቴ ክፉ ቃል ተናግሮት አያውቅም፤ ስምንት ዓመት ሙሉ ግን ሰላምታው ከአንገት ንቅናቄ አላለፈም። እኔም ብሆን እማዬ በልጅነቴ አንገቴ ላይ ያሰረችልኝን ክታብ ካወለቅኩ ቆይቻለሁ፣ ባዮሎጂም ተምሬያለሁ፤ በዳሱ ፊት ሳልፍ ግን ፊቴን አዞር ነበር።

በፍልሰታ ጾም አንድ ቀን ረፋዱ ላይ አንድ የጭነት መኪና ቆርቆሮ ይዞልን መጣ። ሌሊቱን የጣለው ዝናብ ገና አላባራም። ግርማ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ የአባቴ ቀኝ እጅ። ኩሊዎች እያሉ ራሱ መሸከም ይወድ ነበር። አባቴ «ተው፣ ለእነሱ ተውላቸው» ሲለው «እነሱ ሲጥሉት የሚታጠፈው የእኛ ቆርቆሮ ነው» ይላል። እኔ ሱቅ ውስጥ ምስማር እየለየሁ ነበር። መጀመሪያ የሰማሁት የገመድ መበጠስ ነው፤ ቀጥሎ ቆርቆሮው ሲንሸራተት እንደ ነጎድጓድ ጮኸ። ከዚያ ዝም አለ።

ስወጣ ግርማ ጭቃው ላይ ተቀምጧል። ፊቱ ላይ ሕመም የለም፤ የገረመው ሰው ይመስላል። በሁለት እጁ ጭኑን ይዟል፤ በጣቶቹ መሃል ደሙ እየዘለለ ይወጣል። የዝናቡ ውኃ እየወሰደው እስከ ቦዩ ድረስ መንገዱ ቀልቷል። ሰው ተሰበሰበ፤ ሴቶች ጮኹ፤ አባቴ ተንበርክኮ የልጁን ራስ አቅፎ «ግርማ፣ ግርማዬ» ይላል እንጂ የሚያደርገው ጠፍቶታል።

ጋሽ ላቀው መንገዱን ሲሻገር አላየሁትም። ብቻ የቆዳ ሽርጡን እንደታጠቀ ከወንድሜ እግር ሥር አየሁት። ቀበቶውን ፈቶ ከቁስሉ በላይ ጠመጠመበት፤ የመዶሻ እጀታ አስገብቶ እያዞረ አጠበቀው። ግርማ አቃሰተ። የሚዘለው ደም ቀስ አለና መንጠባጠብ ጀመረ።

«ታክሲ ጥሩ» አለ ጋሽ ላቀው፣ ማንንም ሳያይ።

የመጣችው ሴይቼንቶ ነበረች፤ የምታውቋት ታውቋታላችሁ፣ ሦስት ሰው ሲገባባት የምትሞላ። ግርማን ከኋላ አስተኙት፤ ጋሽ ላቀው እጀታውን ይዞ እግሩ ሥር ተጣጠፈ፤ እኔ ከፊት ገባሁ። አባቴና እማዬ በሌላ ታክሲ ሊከተሉን ቀሩ። መሳለሚያ ስንደርስ አንድ ካሚዮን ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ መንገዱን ዘግቶታል። ሾፌሩ ጥሩምባ ይነፋል፤ በግ የሚነዱ ሰዎች በጎናችን ያልፋሉ። ዞር ብዬ ሳይ የወንድሜ ከንፈር አመድ መስሏል።

«አስካለ» አለኝ ጋሽ ላቀው። ስሜን እንደሚያውቅ አላውቅም ነበር። «አናግሪው። ዓይኑን እንዳይከድን።»

«ግርማ፣ ለፍልሰታ ፍቺ ምን ትበላለህ?» አልኩት።

ቆየት ብሎ «ዶሮ» አለ።

«የቱን ብልት?»

«ፈረሰኛ።»

«ፈረሰኛማ የአባባ ነው።»

ከንፈሩ ትንሽ ፈገግ አለ። ካሚዮኑ እስኪነሳ ድረስ የዶሮውን ብልቶች አንድ ባንድ ቆጠርን። ጋሽ ላቀው እጀታውን በሁለት እጁ ይዟል። ሆስፒታል ደርሰን አንድ ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት፣ «በቃ፣ እኔ ይዤዋለሁ» እስኪለው ድረስ አልለቀቀም።

ግርማን ወደ ውስጥ ወሰዱት። ብዙም ሳይቆይ አባቴና እማዬ ደረሱ፤ እትዬ ብርቄም ሰምታ ከሶማሌ ተራ እየሮጠች መጣች። ሐኪሙ ፈረንጅ ነው፤ የሚያስተረጉምለት መነጽር ያደረገ ወጣት ድሬሰር ነበር። ትልቁ የደም ሥር ተቆርጧል አለን። ይሰፋል፤ ግን ብዙ ደም ፈሶታል። ለእሱ የሚሆን አንድ ጠርሙስ ብቻ አላቸው፤ እሱ በቀዶ ሕክምናው ላይ ያልቃል። ቢያንስ አንድ ሌላ ያስፈልጋል።

አባቴ ጋቢውን ጥሎ እጅጌውን ሰበሰበ። «የኔ ደም የልጄ ደም ነው። ቅዳ።»

«እንመርምረው አባባ» አለ ድሬሰሩ።

«ምኑን ነው የምትመረምረው? እኔ ነኝ የወለድኩት።»

«እሱማ ልክ ነው። ቢሆንም ሳይመረመር የገባ ደም ይገድላል።»

ባዮሎጂ እንደምማር ስነግረው ድሬሰሩ አጠገቡ ቆሜ እንዳይ ፈቀደልኝ። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ሰሌዳ ነበር። ሁለት ቦታ አንዳንድ ጠብታ መድኃኒት ጣለ፤ አንዱ ወደ ሰማያዊ፣ አንዱ ወደ ቢጫ ይላል። ከአባቴ ጣት የወሰደውን ደም በሁለቱም ላይ ነካ አድርጎ አማሰለ። በሰማያዊው በኩል ደሙ እንደነበረ ለስላሳ ሆኖ ቀረ። በቢጫው በኩል ግን ፍርፍር አለ፤ እንደ ተበላሸ ወተት ተቋጠረ።

«ቢ» አለ ድሬሰሩ። «ወንድምሽ ኦ ነው። አይሆንም።»

«ምን ማለት ነው?»

«ደም ሲያዩት አንድ ነው፤ ግን አራት ዓይነት ነው። ኤ፣ ቢ፣ ሁለቱንም የያዘ ኤቢ፣ ሁለቱም የሌለበት ደግሞ ኦ። ኦ ለሌላው መስጠት ይችላል፤ ሲቀበል ግን ከኦ ብቻ ነው። የአባትሽ ደም ቢገባበት እዚህ የምታይው መቋጠር ሰውነቱ ውስጥ ይሆናል። ኩላሊቱ ይዘጋል።»

እማዬ ተመረመረች። የእሷ በሰማያዊው በኩል ፍርፍር አለ። ኤ። የእኔ በሁለቱም በኩል ተቋጠረ። «አንቺ ኤቢ ነሽ» አለኝ። «ከሁሉም ትቀበያለሽ፤ መስጠት የምትችይው ግን ለመሰልሽ ብቻ ነው።» በሕይወቴ እንደዚያ የሚያሳፍር ነገር የተነገረኝ አይመስለኝም።

ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ነገርኳቸው። እትዬ ብርቄ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ፣ «እናትም አልሆነ፣ አባትም አልሆነ?» አለች። «እንዴት ያለ ነገር ነው?» እያለች እማዬን አየቻት።

የእማዬ እጆች ጭኗ ላይ እንደተጣመሩ ቀሩ። አባቴም አያት። ለአንዲት ቅጽበት ብቻ ነው፤ ግን አየሁ፤ እማዬም አይታለች። ልጃቸው ውስጥ ተኝቶ እየሞተ፣ ሃያ አራት ዓመት የኖሩበት ትዳር በተቀመጡበት አግዳሚ ወንበር ላይ ሲንገዳገድ ተሰማኝ።

ድሬሰሩ በር ላይ ቆሞ ሰምቶ ኖሮ ወደ እነሱ መጣ። «እናቴ፣ ስሙኝ» አላት እትዬ ብርቄን። «እናት ኤ፣ አባት ቢ ሆነው ልጁ ኦ ሊወጣ ይችላል። ሁለቱም ውስጥ የተሰወረ ኦ አለ። በየቀኑ የምናየው ነው። ልጁ የሁለቱም ነው።»

አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ብርቄ» አለ፤ ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ «ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር እንዳልሰማ። ይልቅ ግቢና ተመርመሪ።»

እትዬ ብርቄን መበደል አልፈልግም። መርፌ ስታይ የምትንቀጠቀጥ ሴት ነበረች፤ ግን ምንም ሳትል ገባች። ቢ ሆነች። ስትወጣ ታለቅስ ነበር። ከሱቃችን የመጡት ሁለት ኩሊዎችም ነበሩ። አንደኛው ኤ ሆነ፤ ሌላው ደም ከሰጠሁ ተመልሶ አይተካም ብሎ ፈርቶ ሹልክ ብሎ ሄደ። አልፈረድኩበትም፤ የዚያን ጊዜ ብዙ ሰው እንዲያ ነበር የሚያምነው።

ሰባት ሰዓት ሲሆን ቀዶ ሕክምናው አለቀ። ሐኪሙ እጁን እየጠረገ ወጥቶ ለድሬሰሩ የሆነ ነገር ተናገረና ተመልሶ ገባ። «ተሰፍቷል፤ ግን ጠርሙሱ ሊያልቅ ነው» አለን ድሬሰሩ። «የልብ ትርታው በጣም ደክሟል። ሌላ ሰው የላችሁም?»

እኔ ግን ሰው እንዳለን አውቅ ነበር። ማወቄን ነው የፈራሁት።

ተነስቼ ወደ ግቢው ወጣሁ። ጋሽ ላቀው በሩ አጠገብ ካለው ቧንቧ ላይ ሽርጡን አጥቦ ዛፍ ሥር ቆሟል። ሂድ ያለው የለም፤ ግባ ያለውም የለም።

«ጋሽ ላቀው» አልኩት። ከአፌ ሲወጣ ለጆሮዬ እንግዳ ነበር። «እስካሁን እዚህ ነዎት?»

«ልጁ እንዴት ሆነ?»

«ደም አጣንለት። የማናችንም አልሆነም።»

አንገቱን ነቀነቀ። «ሰምቻለሁ። የኔን ይሞክሩ ልል እስከ በሩ መጥቼ ነበር። አክስትሽን አየሁና ተመለስኩ።»

ዝቅ ባለ ድምፅ ቀጠለ። «አባትሽ ደግ ሰው ነው። ግን ዘመድ አለበት። የኔ ደም ከተስማማ የላቀው ነው አትበያቸው። ይገባ አይገባ እየተባባሉ ልጁ እጃቸው ላይ ያልፋል።»

«ታዲያ ምን ልበላቸው?»

«የሆስፒታሉ ነው በያቸው። ልጁ ይዳን እንጂ ስሜ ምን ያደርግላቸዋል?»

እውነቱን ልናገር። አፈርኩ፤ ግን ደግሞ ቀለለኝ። ቀለል ማለቱ ነው እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ።

በጓሮው በር አስገባሁት። ድሬሰሩ ጣቱን ወጋው፤ የጣቱ ቆዳ በእሳት ስለደነደነ ሁለቴ ነው የወጋው። ሰሌዳው ላይ ሲያማስለው ጎንበስ ብዬ አየሁ። በሰማያዊው በኩል ለስላሳ ሆኖ ቀረ። በቢጫውም በኩል ለስላሳ ሆኖ ቀረ።

«ኦ» አለ ድሬሰሩ። ግን አላበቃም። ከግርማ ደም የተለየውን ፈሳሽና የጋሽ ላቀውን ደም በቀጭን ብርጭቆ ቀላቅሎ ይጠባበቅ ጀመር። «ዓይነቱ አንድ ሆኖም አንዳንዴ አይስማሙም» አለኝ። ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ሲቆጥር እሰማ ነበር። ከኮሪደሩ የእማዬ «እመብርሃን፣ እመብርሃን» ይመጣል። በመጨረሻ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስቶ አየና «ተስማምቷል» አለ።

ጋሽ ላቀው አልጋው ላይ ሲጋደም ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። «እሳት እንጂ መርፌ አላውቅም» አለኝ። ደሙ በጎማ ቱቦው ወርዶ ጠርሙሱን ሲሞላ አንድም ጊዜ ወደዚያ አላየም። ሲያልቅ ድሬሰሩ ስኳር የበዛበት ሻይ አመጣለት።

«ስንት ሰዓት ነው?» አለ ጋሽ ላቀው።

«ስምንት ተኩል።»

«እንግዲያስ ዘጠኝ ይሁን። ጾመኛ ነኝ።»

ድሬሰሩ ሊቆጣው ምንም አልቀረው። እኛ የምንጾመውን ጾም ይጾማል። ስምንት ዓመት ፊት ለፊታችን ሲኖር ይህ አንድ ቀን እንኳ በሐሳቤ ሽው ብሎ አያውቅም ነበር።

ጠርሙሱ ወደ ግርማ ክፍል ሲገባ አባቴ ብድግ አለ። እትዬ ብርቄም ከኋላው። «የማን ነው?» አለኝ አባቴ።

«አላውቅም አባባ። ሆስፒታሉ ያገኘው ነው።»

ዓይኔን ትኩር ብሎ አየኝ። እትዬ ብርቄ በትከሻው በኩል ብቅ ብላ፣ «ለመሆኑ ክርስቲያን ነው?» አለች።

«ክርስቲያን ነው» አልኩ። በዚያ ሰዓት ከአፌ የወጣ እውነት እሱ ብቻ ነበር።

አባቴ ሌላ አልጠየቀኝም።

ደሙ መግባት ከጀመረ ሩብ ሰዓት ያህል ሲሆነው ግርማ ይንቀጠቀጥ ጀመር። መጀመሪያ ትከሻው፣ ከዚያ መላ ሰውነቱ። ጥርሱ ሲንገጫገጭ አልጋው አብሮ ይንቀጠቀጣል። እትዬ ብርቄ «ምን አገቡበት? የማንን ነው ያገቡበት?» እያለች እጆቿን ታወራጫለች። ድሬሰሩ እየሮጠ ገብቶ ጎማውን ዘጋ፤ እኛን አስወጣን።

ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። እዚህ ላይ የማልኮራበትን ነገር ልናገር ነው። ሰሌዳውን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ደሙ ብርጭቆው ውስጥ ሲስማማ አይቻለሁ። ቢሆንም በልቤ ውስጥ የእትዬ ብርቄ ድምፅ ተነሳ። ቡዳ ቢሆንስ? ደሙ ከውስጥ እየበላው ቢሆንስ? ወንድሜን እኔ ገድዬው ቢሆንስ? የተማርኩት ሁሉ ከላዬ ላይ እንደ ነጠላ ወደቀ። ሄጄ አባቴ እግር ላይ ወድቄ ልናገር አንድ እርምጃ ተራምጃለሁ። እማዬ ክንዴን ያዘችኝ። ለምን እንደያዘችኝ አላውቅም፤ ልትደገፈኝ ይሆናል። ግን በዚያ ቆምኩ።

ድሬሰሩ ሲወጣ ግንባሩ ላብ ነበረው። «ትኩሳት ነው» አለ። «ደሙ አልተጣላም፤ ዳግመኛ አይቼዋለሁ፤ ሽንቱም አልቀላም። አንዳንድ ሰው ላይ እንዲህ ያደርጋል። ቀስ አድርጌ እቀጥልለታለሁ።»

ቀጠለ። ጠብታውን በመስኮቱ እያየን እንቆጥር ነበር። መንቀጥቀጡ እየቀነሰ መጣ። አሥር ሰዓት አለፈ። ዝናቡ አባርቶ ጭላንጭል ፀሐይ አልጋው ላይ ስታርፍ የግርማን ከንፈር አየሁ፤ አመድነቱ ለቆት ነበር። ዓይኑን ገልጦ «ውኃ» አለ። አባቴ ራሱን በጋቢው ሸፍኖ አለቀሰ። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጋሽ ላቀውን ልነግረው ወደ ግቢው ሮጥኩ። ሄዷል።

ግርማ በአንድ ወር ውስጥ ዳነ። ትንሽ ያነክሳል እንጂ ወደ ሱቁ ተመለሰ። ለእሱ ብቻ ነገርኩት። ቀኑን ሙሉ ሲያስብ ዋለ። በማግስቱ መንገዱን ተሻግሮ በጋሽ ላቀው ዳስ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ከዚያ በኋላም ሥራ ሲቀዘቅዝ ይሄድ ነበር። ሰው ማማቱን አልተወም። ለምን እንደሚሄድ ግን የተናገረ የለም፤ ግርማም፣ እኔም፣ ጋሽ ላቀውም። እትዬ ብርቄ ሳታውቅ ኖራ ሳታውቅ ሞተች።

ከሦስት ዓመት በኋላ ደብረ ብርሃን አስተማሪነት ልማር ስሄድ አባቴ በማለዳ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘኝ። ሻንጣዬን አስጭኖ፣ ዳቦና ቆሎ አስይዞኝ፣ ከአውቶቡሱ ጎን ቆመን ሳለ ምንም ሳልጠይቀው ተናገረ።

«ያን ቀን ላቀው በጓሮ በር ሲወጣ አይቼው ነበር። ክንዱን አጥፎ ይዞ ነበር።»

ደነገጥኩ። «ታዲያ ለምን ጠየቁኝ አባባ?»

«ብርቄ አጠገቤ ነበረች። እኔ ካልጠየቅኩ እሷ ልትጠይቅ ነው። ስጠይቅሽ በልቤ አላውቅም በይኝ፣ አላውቅም በይኝ እልሽ ነበር።»

«እውነቱን ብነግርዎትስ ኖሮ?»

ረዳቱ «ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ብርሃን» እያለ ይጣራል። አባቴ ወደ ረዳቱ ዞር ብሎ አየ። «እንጃ ልጄ» አለኝ። «እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። እንጃ።» ግንባሬን ስሞኝ ሄደ።

ጋሽ ላቀው ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። ሳንባው ነበር የሚያመው። አባቴ ቀብሩ ላይ ተገኝቷል አሉኝ፤ ከሰው ራቅ ብሎ፣ ከዳር። ምን አመጣህ ላለው ሰው «ጎረቤቴ ነው» ብሎ መለሰለት።

ከጉልበቴ ሕክምና በኋላ ግርማ ሊጠይቀኝ መጣ። ዛሬ ባለ ልጅ ልጆች ሽማግሌ ነው፤ ምርኩዝ ይዟል። የነርሷን ነገር አጫወትኩት። ያን ቀን የዋሸሁት ወንድሜን ላድን ብዬ ነው እያልኩ ስንት ዓመት ተጽናንቻለሁ፤ እውነትም ድኗል። ግን ውሸቱ የእኛንም ኩራት ሳይነካ አሳለፈልን፤ የከፈለበት ጋሽ ላቀው ብቻ ነው። አንድ ጊዜ እንኳ በሰው ፊት ሳይመሰገን ሞተ።

«ልጽፈው ነው» አልኩት ግርማን።

«ጻፊው። ስሙን ግን ከነአባቱ ጻፊ።»

«የአባቱን ስም ታውቀዋለህ?»

«ስንት ቀን አብሬው ተቀምጬ፣ የማን ልጅ ነህ ብዬ አልጠየቅኩትም» አለኝ። «ዘሩን ብጠይቀው ስድብ ይመስልብኛል ብዬ ፈራሁ።»

እኔም አላውቀውም። ስለዚህ የማውቀውን ያህል እጽፋለሁ። ስሙ ላቀው ነበር።